የጥምጥሙ ስልክ

«በዚያ በኩል አትለፊ፤ ሕፃን አዝለሻል» አለች እታገኝ።

ሕፃን ያዘለችው ጎረቤት በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ሳትከራከር ተመለሰች፤ ግቢውን በጓሮ ዞራ በፈረሰው አጥር በኩል ገባች። ከኋላዋ የመጡት ሁለት ሴቶች ሕፃን አላዘሉም፤ ቢሆንም ከነገሩ ጦም እደሩ ብለው ተከተሏት። ቄስ ወልደ ጻድቅ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ከዋናው በር በስተግራ፣ በካቡ ውስጥ፣ በሁለት ድንጋዮች መሀል አንድ ጥቁር ባለ ቁልፍ ስልክ ተሰክቷል። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደ ዳሱ ከመግባቱ በፊት በዓይኑ ይፈልገዋል፤ ካየው በኋላ ደግሞ እርምጃውን ፈጠን ያደርጋል። እስካሁን የነካው የለም።

እዚያ የሰኩት የሟች ሚስት፣ ወይዘሮ ጥሩሐረግ ናቸው። የቀብሩ ዕለት የሟች ዕቃ በሰሌን ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ነጩ ጥምጥም፣ ካባው፣ መቋሚያው፣ ጭራው። አንድ ዘመድ ከሳጥን ውስጥ ስልኩን አወጣና አብሮ ሊያኖረው ሲል ወይዘሮዋ በነጠላቸው ጫፍ ያዙት፤ በጣታቸው እንኳ አልነኩትም። «ገዳይን ከሟች ጋር አላስተኛም» ብለው ይዘውት ወጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጮኸው ብለውት ቢሆን ሰው የሐዘን ነገር ነው ብሎ ይተወው ነበር፤ ቀስ ብለው ስላሉት ግን በማግስቱ ነገሩ ቀበሌውን አዳረሰ።

እታገኝ ሙሾ አውራጅ ናት። በዚያ አካባቢ እሷ ያላስለቀሰችው ቀብር እንደ ቀብር አይቆጠርም። የወይዘሮዋን ቃል ሰምታ ከሰሌኑ ራስጌ ቆመች፤ ብዙም አላሰበችም፦

ከከተማ መጣ በልጅ እጅ ተልኮ፣
ጥምጥሙ ሥር ገብቶ ራሱን በላው እኮ።

ሰው አለቀሰ፤ ደረቱን የሚደቃም ደቃ። ስልኩን ከሰቆጣ ገዝታ ለአባቷ የሰጠችው ዮርዳኖስ፣ የሟች አንድ ልጅ፣ ከእናቷ አጠገብ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ግጥሙ ሁለተኛ ሲወርድ መሬት መሬት ታይ ጀመር። እታገኝ በክፋት አላደረገችውም፤ ሙሾ አውራጅ ሰው ያለውን ትገጥማለች እንጂ እውነት ይሁን ውሸት አትመረምርም። መመርመር የዮርዳኖስ ሥራ ነው። ሰቆጣ ላይ ዘጠኝ ዓመት በላቦራቶሪ ሠርታለች፤ ደም ታያለች፣ ካየች «አለ»፣ ካላየች «አልታየም» ብላ ትጽፋለች። ያላየችውን አይታ አታውቅም። ይህ ጠባይዋ መሥሪያ ቤቷ ያስመሰግናታል፤ ለቅሶ ቤት ግን እንዲህ ያለ ሰው የሚፈልግ የለም።

የሣልስቱ ጸሎት እንዳለቀ ንፍሮ ዞረ። መምህር ወንዳወቅ፣ የሟች የወንድም ልጅ፣ በቀበሌው ትምህርት ቤት ያስተምራል። እሱ «እኔ የሰማሁት» ብሎ ሲጀምር አጠገቡ ያለ ሰው አቀማመጡን ያመቻቻል።

«እኔ የሰማሁት፣ ስልክ ኔትወርክ ባለበት አገር ብዙም አይደለም። ኔትወርክ ያጣ እንደሆነ ነው ጉዱ። ማማውን ፍለጋ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮኻል። እኛ ያለነው ደግሞ ገደል ሥር። አባ ራስ ላይ ስንት ዓመት ሲጮህ እንደኖረ አስቡት።»

«የማይሰማ ጩኸት?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አዎ፣ የማይሰማ።»

«የሚሰማው ይሻል ነበር» አሉ ሽማግሌው፤ ንፍሯቸውን ቀጠሉ።

ወንዳወቅ ወደ ዮርዳኖስ ዞረ። «አንቺ የላቦራቶሪ ሰው ነሽ፤ ተሳሳትኩ?»

ቢሳሳት ኖሮ ብታርመው እንዴት ደስ ባላት። «ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ ኃይል መጨመሩ እውነት ነው» አለች። «የአባን የአንጎል እጢ ያመጣው እሱ ነው ማለት ግን አይቻልም።»

«አይደለም ማለትስ ይቻላል?»

ዮርዳኖስ በእጇ ያለውን ንፍሮ አየችው። «እስካሁን የተጠናው በሰው ላይ ይህን ያህል አያሳይም። ፈጽሞ አይደለም ብሎ ግን የሚፈርም የለም።»

ይህ መልስ ዳሱ ውስጥ በሙሉ ቁመቱ ተነገረ፤ በር ላይ ሲደርስ «እሷም አልካደችም» ሆነ። ከወጥ ቤቱ ደጅ የተቀመጡ ሁለት አክስቶች ተያዩ። አንደኛዋ «የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ» ብላ ጀመረችና ዮርዳኖስ በአጠገባቸው ስታልፍ አማርኛውን ትታ በኽምጣና ቀጠለች። ልጅቱ በከተማ ብዛት ቋንቋውን የረሳች መስሏቸው ነው። አልረሳችም። ለጥሩሐረግ ነበር ያዘኑት፤ ባሏን ቀብራ፣ ገዳዩን ልጄ ብላ ማብላት እንዴት ይሆንላታል ይባባሉ ነበር።

ስልኩን የገዛችላቸው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ይዛላቸው የመጣች ቀን ቄስ ወልደ ጻድቅ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ የት እንደሚያኖሩት ጠፋቸው። ካባቸው ኪስ የለው። አንድ እጃቸው መቋሚያ፣ አንዱ መስቀል ይይዛል። እርሻ ሲወርዱ ደግሞ አንዱ ጅራፍ፣ አንዱ እርፍ።

«የትም ያድርጉት፤ ብቻ ከራስዎ አያርቁት» አለቻቸው ዮርዳኖስ። «ስደውል እንዳጣዎት አልፈልግም።»

ቄሱ ቃል በቃል የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ከራስዎ አያርቁት ተባሉ፣ ራሳቸው ላይ አደረጉት። ጥምጥሙን ሲጠመጥሙ በግራ ጆሯቸው በኩል አንድ እጥፋት አበጁለት፤ ስልኩ ልክ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለ እሱ የታዩበት ቀን የለም። የሰንበቴ ማኅበርተኞች «አባ ከሰማይም ከምድርም ይደወልላቸዋል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም «የምድሩ ይበዛል» ይሉ ነበር።

ቤቱ ባለበት ገደል ሥር ኔትወርክ አይገባም። ዮርዳኖስ ሁልጊዜ ወደ ማታ ትደውላለች፤ ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ወዳለው ጉብታ ይወጣሉ። «በላሽ?» ይሏታል። «በላሁ።» «ፍየሏ ወለደች።» «ስንት?» «መንታ።» ከዚህ ያለፈ ብዙም አይነጋገሩም። ግንኙነት በተቋረጠበት በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ ስልኩ ከጥምጥሙ አልወረደም፤ ማታ ማታ ጉብታው ላይ ወጥተው ተቀምጠው ይወርዳሉ ሲባል ኋላ ሰምታለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለፋሲካ ስትመጣ አንድ ነገር አንብባ ነበር የመጣች። ማንበቧ ላይ ምንም ክፋት የለበትም። ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ እናቷ ማሽላ ይለቅማሉ።

«አባ፣ ይሄን ስልክ ከራስዎ ቢያወርዱት።»

«ምን አጠፋ?»

«አንጎላችን ጠባቂ አለው። በደም ውስጥ የሚዞር ሁሉ ዘው ብሎ አይገባበትም። እዚያ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳቸው ጥብቅ ነው፤ ምግቡን ያሳልፋሉ፣ መርዙን ይመልሳሉ።»

ቄሱ ትንሽ አሰቡ። «መጋረጃ በይኛ። ቅኔ ማኅሌት ያሻው ይቆማል፤ ቅድስት የሚቆርበው ይገባል። መቅደሱ ግን መጋረጃ አለው።»

«እንደዚያ ነው። እና ተመራማሪዎች አይጦች ላይ የስልክ ጨረር ለቀውባቸው፣ ሰንብተው አንጎላቸውን ሲያዩ፣ ከደም ማለፍ የሌለበት ነገር አልፎ አገኙ።»

«መጋረጃው ተገለጠ?»

«ተገለጠ ብለው ጻፉ።»

በዚህ መሀል ፍየሏ አጥር ጥሳ የጎረቤት ማሳ ገባች። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ሰፌዱን አስቀምጠው እየተሳደቡ ወጡ። ዮርዳኖስ ወሬዋን ቀጠለች። «ሌሎች ግን ያንኑ ሥራ ደግመው ሠሩት፤ አላገኙም። በሰው ላይማ እንዲህ ሆነ የተባለ ነገር የለም። እንዲያው ለጥንቃቄ ነው የምልዎት።»

«ታዲያ አለ ነው የለም?»

«አይታወቅም፣ አባ።»

ቄሱ ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት ንስሐ ስቀበል የሚያውቅ እንጂ የማያውቅ ሰው መጥቶልኝ አያውቅም። አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

ስልኩ ግን ከጥምጥሙ አልወረደም። ዮርዳኖስ በማግስቱ ወደ ሰቆጣ ስትመለስ እዚያው በግራ በኩል አብጦ አየችው፤ ምን ይደረግ፣ ሽማግሌ ምክር አይሰማም ብላ ተበሳጨች። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማታ ስትደውል ስልካቸው ዝግ ነው ይላታል። የሚደውሉት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሆነ፤ ጽጽቃ ገበያ ሲወጡ። ለምን ስትላቸው «እዚህ ገደል ሥር ምን ይሠራል ብለሽ ነው» አሏት። ኔትወርኩ ብሶበታል ብላ ያዘችው። ተስፋ ግን አትቆርጥም፤ ዝግ ነው እያላት በየማታው ትሞክር ነበር።

ባለፈው ዓመት ራስ ምታት ጀመራቸው። ጸበል ሞከሩ፤ ተሻለኝ ብለው ተመልሰው ታመሙ። ሰቆጣ አመጣቻቸው፤ ከሰቆጣ ወደ ሌላ ከተማ ተላኩ። በፎቶው ላይ እጢው ከግራ ጆሯቸው ኋላ፣ ጠለቅ ብሎ ታየ። በቀዶ ጥገና አይደረስበትም ተባለ። መድኃኒት አለ፤ እሱም ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈው ጥቂቱ ነው አሉ ሐኪሙ። ዮርዳኖስ ይህን ለአባቷ በአማርኛ ስታስረዳ ድምፅዋ አልተለወጠም።

«መጋረጃው ለካ ታማኝ ነው» አሉ ቄሱ። «መድኃኒቱንም አላስገባ አለ።»

ከዚያ ሌላ ስለ ሕመማቸው አልተናገሩም። ስልኩን ሰቆጣ ይዘውት አልመጡም ነበር፤ ቤት ሳጥን ውስጥ ትቼዋለሁ አሉ። ስድስት ወር ከረሙና ሞቱ። ሬሳቸውን ይዛ ስትመለስ ዮርዳኖስ በመንገድ ሁሉ የምታስበው ስለ ግራ ጆሮ ብቻ ነበር። እጢው በቀኝ ቢሆን ምን ነበረበት እያለች ነው አገሯ የገባችው።

በአምስተኛው ቀን ለቅሶ ደራሹ ሳሳ። እናትና ልጅ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሆኑ። ዮርዳኖስ አጥሚት ሠርታ አቀረበች።

«አልራበኝም» አሉ ወይዘሮ ጥሩሐረግ።

ከቀብሩ ወዲህ ከእሷ እጅ አልበሉም። ጎረቤት ሲያቀርብላቸው ይቀምሳሉ፤ ልጃቸው ስታቀርብ አይርባቸውም። ዮርዳኖስ ቆጥራዋለች፤ መቁጠር ልማዷ ነው። ኩባያውን መሬት አስቀምጣ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«እማ፣ እስከ መቼ ነው?»

እናቷ ተነሱ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ የባላቸውን የእጅ መስቀል አውርደው በሁለቱ መሀል አኖሩት።

«ማይልኝ» አሉ። «ይሄን ይዘሽ፣ ስልኩ አይደለም ብለሽ ማይልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወዲያ እታገኝም ትገጥም፣ ወንዳወቅም ያውራ፣ እኔ አንቺን አምናለሁ።»

ዮርዳኖስ መስቀሉን አየችው። ከእንጨት የተሠራ ነው፤ መያዣው በአባቷ መዳፍ ብዛት ለስልሷል። እጇን ዘርግታ አንድ ቃል ብትናገር ያልቃል። ሌላ ልጅ ቢሆን ይምላል፤ እግዚአብሔርም ለእናት ብሎ የማለን ልጅ ይምረዋል ብለው የሚያስተምሩ ካህን አይጠፉም። አባቷ ግን ከእነዚያ ወገን አልነበሩም።

«አላውቀውምና» አለች። «የማላውቀውን እንዴት እምላለሁ?»

«ታውቂ ነበር። እዚህ ግቢ ተቀምጠሽ ስትነግሪያቸው ጆሮዬ ሰምቷል። የአይጦቹን። መጋረጃው ተገለጠ ስትዪ። አውቀሽ ነበር፣ አውቀሽም ማታ ማታ ደወልሽ።»

«ፍየሏን ልትመልሺ ስትሄጂ የቀረውን ነግሬያቸዋለሁ። ሌሎች ደግመው አጡት ብያቸዋለሁ። እውነቴን ነው።»

«የቀረውማ» አሉ እናቷ፣ «አንቺን የሚያድነው ነዋ።»

በሙግት ቢሆን እናቷ ረትተዋታል። አጥሚቱ ቀዘቀዘ፤ አንዷ አክስት ገብታ አነሳችው፤ አሙቃ በራሷ እጅ ስታቀርበው ወይዘሮ ጥሩሐረግ ጠጡት። ዮርዳኖስ ወጥታ ካቡ ዘንድ ቆመች። ስልኩ ጎኑን አሳይቷታል። ሳይንሱን ታውቃለች፤ ካብ ውስጥ ያለ ስልክ በአጠገቡ የሚያልፍን ሕፃን እንደማይጎዳ ለማንም ታስረዳለች። ነገር ግን እሷም አልነካችውም፤ አፈረች። አባቴን ገድዬው ይሆን ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ በቃል አሰበችው፤ ከዚያ በፊት በቁጥርና በጥናት ነበር የምታስበው።

በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ከፍትሐቱ በኋላ፣ አንድ ሰው ከጽጽቃ በእግሩ መጣ። ደግሰው ይባላል። ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ አለችው፤ ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ መብራት ሰሌዳ ዘርግቶ የገበያተኛውን ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። በጓሮ ዙር ያለው ሰው ስላልነበረ በዋናው በር ገባ፤ በስልኩ አጠገብ አለፈ፤ እታገኝ ልትናገረው ስትል ዳሱ ውስጥ ገብቷል። እንደ ወጉ ትንሽ አለቀሰ። ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናችሁ አለ፤ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ቀረበለት፤ ቆጥቦ በላ። ከዚያ ወይዘሮ ጥሩሐረግ ፊት ሄዶ በርከክ አለ።

«እናቴ፣ መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። መሞታቸውን የሰማሁት ትናንት ነው። የሟች አደራ ይዤ ነው የመጣሁ።»

የሞተ ሰው ዕቃ እጁ ላይ ያለ፣ በሰባቱ ውስጥ ይመልሳል። ማጭድም ቢሆን፣ ዳዊትም ቢሆን። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ ከሰባቱ ያለፈ እንደሆነ ሰው በክፉ ያየዋል። ስለዚህ ያስገረመው ሰው አልነበረም። ደግሰው ከኪሱ የተጣጠፈ ጨርቅ አወጣ፤ ፈታው። መሀሉ ላይ የክብሪት ቤት የምታህል አንዲት የስልክ ባትሪ አለች።

«የአባ ናት» አለ። «ሞልታለች። ባዶዋን ከሰነበተች ትሞታለች ብዬ፣ ባይመጡም በየጊዜው እሞላት ነበር።»

«የትኛው ስልክ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ያው፣ ጥምጥማቸው ላይ ያለው። ሌላ አላቸው እንዴ?»

ወንዳወቅ ንፍሮውን አፉ ውስጥ እንዳለ ማላመጥ አቆመ። ዮርዳኖስ ብድግ አለች። «መቼ ነው የሰጡህ?»

«ሦስት ዓመት ሆነው። ፋሲካ ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ይዘዋት ሄደው አያውቁም። ቅዳሜ ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ፤ ይከቷታል፤ ከእርስዎ ጋር ያወራሉ አይደል? እርስዎ ዮርዳኖስ ነዎት መቼም። ሲጨርሱ አውልቀው ለእኔ ይመልሳሉ። ባዶውን ጥምጥማቸው ላይ ሰክተው ወደ አገራቸው።»

«ባዶውን?»

«ባዶውን። እኔም ከብዶኝ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው፤ አባ፣ የማይሠራ ስልክ ለምን ይሸከማሉ አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለዎት? ልጄ ስትሰጠኝ ከራስዎ አያርቁት ብላኛለች፤ ኋላ ደግሞ ጨረሩን ፈርታ ከራስዎ ያውርዱት አለችኝ። ሁለቱንም ቃሏን እንዴት ልጠብቅ? ጨረሩ አንተ ዘንድ ይሁን፣ ስልኩ እኔ ዘንድ ይሁን አሉ። ለማንም እንዳትናገር፣ ሞኝ ይሉኛል አሉ። እኔም አልተናገርሁም።»

ዮርዳኖስ ወጥታ ወደ ካቡ ሄደች። ስልኩን ከድንጋዮቹ መሀል ነቀለችው። ቀለለባት። ቆሞ የሚያይ ሰው ሁሉ እያያት የኋላ ክዳኑን በጥፍሯ ከፈተች። በባትሪው ቦታ አራት ጊዜ ታጥፎ የገባ ነጭ ሻሽ ነበር፤ ክዳኑ እንዳይንኳኳ፣ ከአሮጌ ጥምጥም የተቀደደ። ሌላ ምንም የለም።

ሐዘንተኛ መሆኗን እንኳ አታውቅም ነበር፤ ሰባት ቀን ሙሉ እጢና ጨረር፣ ጥናትና ግምት ስትመዝን ሰንብታ ማዘን አልደረሳትም። አሁን የምትከራከርበት ነገር ሲያልቅ አባቷ እንደሞቱ ገባት። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ ዝግ ነው እያላት ስትሞክር፣ እሳቸው የእሷን ቃል ጠብቀው ባዶ ስልክ ራሳቸው ላይ አድርገው ፍየል ይጠብቁ ነበር። ካቡን ተደገፈች።

ዳሱ ውስጥ ወንዳወቅ «እኔ የሰማሁት» ብሎ ጀመረ። የተመቻቸለት አልነበረም፤ ተወው። እታገኝ ከአጥሩ ሥር ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ የወጣ ግጥም አይመለስም፤ ልጆች ውኃ ሲቀዱ ይሉት ጀምረዋል። ደግሰው ምን እንዳደረገ ሳይገባው ባትሪዋን ወይዘሮዋ ፊት አኑሮ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ዮርዳኖስ ስልኩን ይዛ ገባች። አሁን መማል ትችላለች። የእጅ መስቀሉ የት እንዳለ በዓይኗ ፈለገች፤ ግድግዳው ላይ ተመልሷል። እናቷ ከጠየቋት ታነሳዋለች፤ ከነገርኋቸው ወዲህ ስልኩ ባዶ ነበር፣ ከባዶ የሚወጣ ጨረር የለም ብላ ትምላለች። ስልኩን ክዳኑ እንደተከፈተ በእናቷ ፊት ዘረጋችው።

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ። ሻሹን አወቁት።

«ለዚህ ነው ለካ» አሉ። «ሌሊት ለማኅሌት ሲሄዱ የእጅ መብራት እፈልጋለሁ ይሉኛል። ስልክዎ መብራት አለው አይደል ስላቸው፣ ይደክመዋል ይሉኝ ነበር። ስልክ እንዴት ይደክመዋል ብዬ ስቅባቸው ነበር።»

«እማ፣ ልማልልሽ።»

እናቷ አልሰሟትም፣ ወይም ሰምተው አላስፈለጋቸውም። ከልጃቸው እጅ ስልኩን ወሰዱ፤ በነጠላ ጫፍ ሳይሆን በጣታቸው። ሻሹን መልሰው አጠፉት፤ ክዳኑን ገጠሙ፤ እንዳይንኳኳ ነቅነቅ አድርገው አዳመጡ። አይንኳኳም። ከዚያ ራሳቸው ላይ ያሰሩትን ጥቁር ሻሽ በግራ በኩል ላላ አደረጉ፤ ስልኩን ለልጃቸው መለሱላትና ጆሯቸውን ሰጧት።

«እዚህ ላይ ነበር የሚሰኩት» አሉ። «እኔ አይታየኝም፤ አንቺ ስኪልኝ።»

ዮርዳኖስ ሰካችላቸው። ሻሹን መልሳ አጠበቀች፤ ስልኩ እንዳይወድቅ በመዳፏ ደግፋ ያዘችው፤ ከያዘችበት አላነሳችውም።